ጎረቤቶቼን ዶሮ እርባታ ላስተምር ነው፤ ስንት ብር ልጠይቅ? (ጎንደር፣ ማራኪ)

የማራኪዋ አርቢ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ አንድ መስመር ነው፤ ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ይረዝማል። 31 ዓመት ጠመኔ የያዘች ሴት ባጭሩ መናገር አይሆንላትም፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ማራኪ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በጓሮዬ ዶሮ አረባለሁ። ዛሬ 35 እንቁላል ጣዮች አሉኝ። አብዛኞቹ ቦቫንስ፣ ጥቂቶቹ ኮይኮይ የሚባሉ የውጭ ዝርያዎች ናቸው። አንዷ ደግሞ ከእናቴ ቤት የመጣች የሐበሻ ዶሮ ናት፤ በዓመት ሃምሳ እንቁላል ከጣለች ትልቅ ውለታ የዋለችልኝ ይመስላታል። ዶሮዎቹ ሀብታም አላደረጉኝም። የመብራቴንና የውኃዬን ሒሳብ ይከፍላሉ፣ ለልጅ ልጆቼም እንቁላል አይጠፋም።

ጣጣው ጠያቂው መብዛቱ ነው። ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ይንኳኳል። «እትዬ፣ ያለ አውራ ዶሮ እንቁላል ይጥላሉ?» ይጥላሉ፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። «እትዬ፣ የእኔዋ አንገቷ ተጠምዝዞ ቀረ።» ፈንግል ሳይሆን አይቀርም፤ ክትባት አስከትበሽ ነበር? «ክትባት ደግሞ ለዶሮ?» እንዲህ እያልን ቡናው ይፈላል፣ ቀኑም ያልፋል።

ባለፈው ዓመት «አንድ ጊዜ ሰብስቤ ላስተምራቸውና ልረፍ» ብዬ በነጻ ጠራኋቸው። 14 ሰው ተመዘገበ። የመጣው ዘጠኝ ነው። አቦሉ ሲቀርብ ሁሉም ነበሩ፤ በረካው ሲደርስ አራት ቀሩ። ዶሮ የገዛችው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ። ለቡና፣ ለዳቦና ለወረቀት ከኪሴ 1,100 ብር ወጣ።

አሁን ደግሞ የዕቁባችን ሴቶች «በደንብ አስተምሪን፣ እንከፍላለን» ብለዋል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ «እንከፍላለን» የሚሉት ነገር ነው። በከተማችን አንድ ሰው በሆቴል አዳራሽ ለአንድ ቀን፣ ምሳና የምስክር ወረቀት ጨምሮ፣ 3,500 ብር ማስከፈሉን ሰምቻለሁ። እኔ ያለኝ የኮክ ዛፍ ጥላ ነው። 200 ብር ብል የቡናዬን አይሸፍንም። 1,000 ብር ብል ዕድር ላይ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ? ሐዘን ሲመጣ አንድ ድንኳን ውስጥ የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ስንት ልጠይቅ? ስንት ቀን ላስተምር? ለመሆኑ ጎረቤት ጎረቤቱን ያስከፍላል ወይ?

የአዘዞ ጓሮ
ኅዳር 3 ቀን

እትዬ፣ እኔ አዘዞ ላይ ይህንኑ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የመጨረሻውን ዙር ሒሳብ ከደብተሬ ልገልብጥልዎ፤ ከምክር ይሻላል።

ስምንት ሰው ነበር፣ ለእያንዳንዱ 700 ብር፤ 5,600 ብር ገባ። ለሁለት ቅዳሜ ቡና፣ ሻይና ዳቦ 900 ብር ወጣ። የወንበርና የሸራ ኪራይ 400፣ ዕቃ የሚያነሣልኝና ዶሮ የሚይዝልኝ ልጅ በቀን 300 ሒሳብ 600፣ ክትባት፣ ጠብታ ማድረጊያ፣ ሳሙናና በረኪና 350፣ ስድስት ገጽ ጽሑፍ ማባዣ 240፣ ስልክና ባጃጅ 210። ድምሩ 2,700 ሆነ። በእጄ የቀረው 2,900 ብር ነው።

ለሁለት ግማሽ ቀን መልካም ገቢ ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። ኋላ ሰዓቱን ስቆጥር ነው የደነገጥኩት። ያስተማርኩት 8 ሰዓት፣ የተዘጋጀሁት 6 ሰዓት፣ ከሥልጠናው በኋላ በስልክና ቤታቸው እየሄድኩ ያሳለፍኩት ደግሞ 15 ሰዓት። በድምሩ 29 ሰዓት፤ ለሰዓት 100 ብር ደረሰኝ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የደወለችልዎ ሴት ታዲያ አስቸጋሪ ሰው አይደለችም። የሥልጠናው ትልቁ ክፍል እሷ ጋር ነበር፤ እርስዎ ግን ዋጋ አላወጡለትም። እኔ አሁን ሲመዘገቡ እነግራቸዋለሁ፦ ለሁለት ወር ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ስልክ አነሣለሁ፣ አንድ ጊዜም ቤታችሁ መጥቼ አያለሁ፤ ይህ ከ700 ብሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ለመጣሁበት 150 ብር ይከፈለኛል። የሚገርመው፣ ሰዓት ከወሰንኩ ወዲህ የሚደውሉት አስበው ነው።

ሳይከፍል የተመዘገበ ሰው እንደተመዘገበ አይቁጠሩት። ቀብድ 300 ብር እቀበላለሁ፤ የቀረ ሰው ቀብዱ አይመለስለትም፣ ሌላ ሰው ከተካ ግን ይያዝለታል። አምስት ሰው ብቻ የመጣበት ዙር ነበረኝ፤ ወጪው እምብዛም ስላልቀነሰ 1,200 ብር ብቻ ቀረኝ። ከስድስት ሰው በታች ከሆነ ዙሩን አስተላልፋለሁ። ከስምንት በላይም አልወስድም። ዘጠነኛው ሰው ዶሮ ሳይዝ ይሄዳል፤ ዶሮ በእጁ ያልያዘ ሰው ደግሞ ወሬ ሰምቶ ሄደ ማለት ነው።

የዋጋና የትርፍ ትምህርት ላይ የራሴን ቁጥር አልነግራቸውም። በሁለቱ ቅዳሜዎች መካከል ገበያ ወጥተው የበቆሎ፣ የፍሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተዘጋጀ የጣይ መኖና የእንቁላል ዋጋ ራሳቸው ጠይቀው ይመጣሉ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ገደማ ትበላለች። አምስት ዶሮ 575 ግራም፣ በወር 17 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። 50 ኪሎ ጆንያ ወደ ሦስት ወር ሊሄድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ ለአምስት ዶሮ ሙሉ ጆንያ አይገዛም፣ ሁለት ጎረቤት ይካፈለዋል። ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ማየት ደስ ይላል። አንዳንዱም ደምሮ ቀንሶ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይሄዳል። እሱን ከኪሳራ አድነነዋልና ገንዘቡ አልጠፋበትም ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሣቁብኝ። የመጀመሪያውን ዙር ዓርብ ቀን አድርጌ ለሻይ ሰዓት የተቀቀለ እንቁላል አቀረብኩ። ሰባት ሰው ዝም ብሎ አየኝ። እንቁላሉን የሰፈሩ ሕፃናት በሉት።

ጫጩት ያረፈባት
ኅዳር 4 ቀን

እኔ ከተማሪው ወገን ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ ነው ቤቴ። አዳራሽ ውስጥ ከፍለው ከተማሩት አንዷ ነበርኩ፤ የትና ማን የሚለው ይቅር። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ መቶ ዶሮ በሦስት መቶ እንቁላል ተባዝቶ 30,000 እንቁላል ሆኖ ታየን። ከዚያ እንቁላሉ በብር ተባዛ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ቀኑን ሙሉ አንድም ዶሮ አላየንም። ምሳው ላይ ብቻ ነበረች።

በሳምንቱ 50 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። በካርቶን ውስጥ አምፖል አንጠልጥዬ አሞቅኳቸው። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ስነቃ ጥግ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተከምረው፣ ከሥር ያሉት ታፍነው አገኘኋቸው። በአሥር ቀን ውስጥ 31 ሞቱ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት እንደሚፈልግ፣ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ እንደሚሄዱ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያድን የጭድ ሳጥን እንዳለ የነገረችኝም ሠልጣኝ ያልሆነች አንዲት የደንቢያ ሴት ናት። በሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ጫጩቶቹ መሐል ገብተው በራሳቸው ትንፋሽና ገላ ይሞቃሉ።

እትዬ፣ እኔን ቢጠይቁኝ ስለ ዋጋው ብዙ አይጨነቁ። 3,500 ብር ከፍዬ የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ በዚያ ሌሊት የምደውልለት ሰው አለመኖሩ ነው። ጀማሪን ደግሞ የአንድ ቀን ጫጩት አያስገዙ። የሁለት ወር ቄብ ትወደዳለች፣ ግን ሌሊት አታስለቅስም።

የማራኪዋ አርቢ
ኅዳር 4 ቀን

ልጄ፣ አነበብኩት። የእኔም የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች 12 ነበሩ፤ የቀሩልኝ ሦስት። ለሰው ስናገር ግን «ጥቂት ሞቱብኝ» ነበር የምለው። ይህንን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ቡናው ሳይወርድ እነግራቸዋለሁ።

ወንድሜ የአዘዞው፣ ደብተርህን ስለከፈትክልን እግዚአብሔር ይስጥህ። የስልክ ሰዓቱን ወስጄዋለሁ።

የቀድሞ ሰው
ኅዳር 4 ቀን

ዶሮ ማርባት ደግሞ ትምህርት ሆነ? እናቶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው እልፍኝ ውስጥ ቆጥ ሠርተው አርብተዋል። ዕውቀት ለጎረቤት በገንዘብ መሸጥ ከመቼ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው? በነጻ ያስተምሩ፣ ካልሆነም ይተዉት።

የማራኪዋ አርቢ
ኅዳር 4 ቀን

ወንድሜ፣ የእናቶቻችን ዶሮ ምግቧን ከሜዳ ለቅማ፣ ከጭልፊት ሮጣ፣ እንቁላሏን ታቅፋ የምትኖር ነበረች። ትምህርቱንም የተማሩት እናታቸው ጓዳ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ቆይተው ነው፤ ክፍያውም ውኃ መቅዳትና እህል መፍጨት ነበር። የዛሬዋ ቦቫንስ መኖዋ አንድ ቀን ቢቋረጥ እንቁላል ትቀንሳለች፣ ለመታቀፍም ግድ የላትም። የዛሬዋ ሠልጣኝ ደግሞ ያላት የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። በነጻውን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ በረካው ላይ አራት ሰው ነበር የቀረው።

የዶሮ ሐኪም
ኅዳር 5 ቀን

እናቴ፣ ሙያዬ የእንስሳት ሕክምና ነው፤ የተማርኩትም እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ቴዎድሮስ ግቢ ነው። ዋጋውን የአዘዞው ወንድሜ በደንብ አስረድቷል። እኔን ያሳሰበኝ የእርስዎ 35 ዶሮ ነው።

ሥልጠናውን ጓሮዎ ሲያደርጉ ስምንት ሰው በስምንት ጫማ ይመጣል። ከእነዚያ ውስጥ ቤቷ ዶሮ የታመመባትና ምክር ፍለጋ የመጣች ሴት አትጠፋም። ፈንግል በጫማ፣ በልብስና በእጅ ይጓዛል፤ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባም ጨርሶ ሊፈጀው ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኝ ወደ ዋናው የዶሮ ቤት በፍጹም አይግባ። ለማሳያ ሦስት ወይም አራት ዶሮ ለይተው በጓሮው ሌላ ጫፍ በሽቦ ያጥሩ፤ ከሥልጠናው በኋላም ሁለት ሳምንት ሳይቀላቅሏቸው ያቆዩ። በር ላይ የጫማ መንከሪያ ያስቀምጡ፤ ጭቃው አስቀድሞ ካልተጠረገ ግን በረኪናው ብዙ አይረዳም። «የታመመች ዶሮዬን ይዤልዎ መጣሁ» የምትል ብትኖር በር ላይ ይመልሷት። ቅር ይላታል፤ ይበላት። ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ የሥልጠናው ዋጋ ውስጥ ያስገቡት።

ክትባትን በተመለከተ ለሠልጣኞችዎ አንድ ነገር በደንብ ይንገሯቸው። የፈንግል ክትባት ለብዙ ዶሮ በሚሆን ጠርሙስ ነው የሚሸጠው። ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛ አብዛኛውን ትደፋዋለች፤ ብዙዎች የማያስከትቡት በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ ሠልጣኞች ግን በአንድ ሰፈር ስላሉ አንድ ቀን ቆርጠው፣ አንድ ጠርሙስ በጋራ ገዝተው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ሊከትቡ ይችላሉ። ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት በየሦስት ወሩ ገደማ መድገም የተለመደ ነው። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውኃ አይሁን፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ከመግዣው እስከ ቤት በበረዶ ይያዝ። ጠብታ የሚያደርገው ሰውም እጁን ሳይታጠብ ዐይኑን እንዳይነካ፣ ዐይን ያቀላል።

ስለ ምስክር ወረቀቱ፦ «ተሳትፋለች» ብለው ይጻፉ እንጂ «ሙያተኛ ናት» አይበሉ። ያ በብቃት ምዘና የሚገኝ ነገር ነው።

የማራኪዋ አርቢ
ኅዳር 9 ቀን

ትላንት ዕቁባችን ነበር፤ ተነጋግረን ጨረስን። ለሚጠይቁኝም ለማታውቁኝም የወሰንኩትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ቀኑ። ብዙ ሰው የማያሰላው ነገር ስላለ ትንሽ ልቆይበት። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ሰው 55 ቀን ይጾማል፤ ዶሮ ግን አትጾምም። በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ የሁለት ወር ቄቦች ገዛሁ፤ ቄብ እንቁላል የምትጀምረው ወደ 20 ሳምንት ስትደርስ ስለሆነ ጥር መጨረሻ ላይ መጣል ጀመሩ። ደስታዬ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ሁዳዴ ገባ፣ ገዢ ጠፋ። በቀን ሃያ እንቁላል እየሰበሰብኩ በየሰፈሩ ሕፃን ያላት ቤት ስጠይቅ ከረምኩ። መኖው ግን በጾምም በፍስክም ያው ነው። የሁለት ወር ቄብ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር አጋማሽ ላይ ከተገዛች የመጀመሪያውን እንቁላል የምትጥለው ፋሲካ ሲደርስ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ኪሳራዬ የተረፈኝ ይህ ሒሳብ ነው፤ ብቻውን 600 ብር ያወጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሥልጠናው ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 እና ታኅሣሥ 11 ነው፤ ጠዋቱን ገበያ ስለሚወጡ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል። የነቢያት ጾም ስለሆነ እንቁላል አላቀርብም (የአዘዞው፣ ሰምቼሃለሁ)። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ውስጥ የሚማር ሰው የለም፣ ባጃጁም ወንበሩም በእጥፍ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ቀን ጥር 16 አደረግሁት፤ ያን ጊዜ ቄቦቻቸው ቤታቸው ገብተዋል፣ ጥያቄያቸውም የእውነት ጥያቄ ይሆናል። በየቤቱ አብረን እየዞርን እናያለን፤ ቆጡ ስንት ክንድ ነው፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ነው ወይ፣ ሽለምጥማጥ የምታልፍበት ቀዳዳ አለ ወይ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያርም ደግሞ ከእኔ በላይ ይሰማማሉ።

ዋጋው 600 ብር ነው። 400 ብሩ በቀብድ፣ 200 ብሩ በሦስተኛው ቀን ይከፈላል፤ እኔም እስከ መጨረሻው እንዳልለግም በእጃቸው የቀረ ነገር ይኑር። ስምንት ሰው 4,800 ይሆናል። ለሦስት ቀን ቡናና ዳቦ 1,000፣ ዶሮ ለሚይዝልኝ የእህቴ ልጅ 600፣ ለሽቦ አጥር 500፣ ለሳሙና፣ ለበረኪናና ለጫማ መሸፈኛ 250፣ ለጽሑፍ 150። ወጪው 2,500 ነው፣ 2,300 ብር ይተርፈኛል። ሰዓቱን አልቆጥርም፤ ቆጥሬ ከተናደድኩ አላስተምርም።

ጎረቤት ጎረቤቱን ያስከፍላል ወይ ላልኩት፣ መልሱን ያገኘሁት ከዕቁቡ ነው። ከእኔ ጋር 11 ነን፤ ተማሪዎቹ አሥር ናቸው፣ ቦታው ስምንት። ማን ይቅደም ሲባል ጸሐፊያችን ወረቀት ቆራርጣ ዕጣ አወጣችና ሁለቱ ከፋሲካ በኋላ ላለው ዙር ተላለፉ። ማንም አልተከፋም። ገንዘቡም በሰው እጅ አልመጣም፤ የስምንቱን ቀብድ፣ 3,200 ብር፣ ገንዘብ ያዧ ከዕቁቡ ላይ አንሥታ በአንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ማንን ከማን እንደማላውቅ ሆኜ ተቀበልኩ፤ ዕድር ላይም ዐይኔን የምሰብርበት ምክንያት የለም።

አንዲቷ ብቻ ዘግይታ ቤቴ መጣች። ባሏ አናጢ ነው። «የመጨረሻዋን 200 ብር በሰጋቱራ ልክፈልሽ፣ ስድስት ጆንያ» አለችኝ። ጉዝጓዝ ሁሌም ያጥረኛል። እርጥብ እንዳይሆን፣ ቀለም የተቀባ እንጨትም እንዳይቀላቀልበት ብዬ ተስማማሁ። ሁለቱን ጆንያ ዛሬ ማታ ልጇ በጋሪ ጭኖ አምጥቶታል፤ ደረቅ ነው።